የጋለ ብረት እርጅና

በ2005 መጨረሻ ላይ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጃፓን መንግሥት በኃይል ማመንጫዎች ቦይለርና የእንፋሎት ቧንቧ ላይ የሚውሉ አንዳንድ የክሮሚየም አረብ ብረቶች ሊሸከሙት የሚፈቀደውን ጫና ዝቅ አደረገ። ከብረቶቹ መካከል በራሷ በጃፓን ላቦራቶሪዎች የተወለዱ፣ ገበያ ከገቡ ብዙም ያልቆዩ፣ በሙያው ዘንድ የዘመኑ ምርጥ የተባሉ ነበሩ። በአመራረታቸው ላይ ማጭበርበር አልተገኘም፤ ቅይጣቸውም ደንቡ እንደሚለው ነበር። አዲሱ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሙከራው በረዘመ ቁጥር ብረቶቹ ከተተነበየላቸው ጊዜ ቀድመው መበጠሳቸው ታወቀ። ውሳኔው ከኢንጂነሮች ክበብ ውጭ ወሬ አልሆነም። እኔ ግን ሙቀት የሚችሉ የክሮሚየም ብረቶችን የመቶ ዓመት ታሪክ ከዚህ ውሳኔ ተነስቶ ወደ ኋላ ማንበብ ይሻላል ባይ ነኝ። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በንጥረ ነገር ዝርዝር ነው፤ መጀመሪያ ይህን ያህል ክሮሚየም ገባ፣ ቀጥሎ ሞሊብዲነም፣ ቀጥሎ ቫናዲየም፣ ቀጥሎ ተንግስተን፣ ብረቱም እየጠነከረ ሄደ ይባላል። እንዲህ ከተነገረ የ2005ቱ ውሳኔ ትርጉም የሌለው አደጋ ይመስላል። ብረቶቹን የሚያጸናቸው በውስጣቸው ያለው፣ ዓይን የማያየው መዋቅር ሳይፈርስ የሚቆይበት ጊዜ ነው ብለን ከተነሳን ግን ውሳኔው የሚጠበቅ ይሆናል፤ ከእሱ በፊት የነበሩት ድሎችና ውድቀቶችም ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ።

ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይባላል፤ ብረት ሲግል እንደሚለዝብ ለማወቅ ቀጥቃጭ መሆን ይበቃል። የቦይለር ችግር ግን ከዚህ ይለያል። በ550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሠራ የእንፋሎት ቧንቧ የሚሸከመው ጫና ብረቱ ወዲያው ሊችለው ከሚችለው በብዙ ያነሰ ነው። ያ ጫና ቀንና ሌሊት ሳይነሳለት ለዓመታት ሲቆይበት ግን ቧንቧው በማይታይ ፍጥነት ይለጠጣል፣ በመጨረሻም ይቀደዳል። ክሪፕ የሚባለው ይህ ነው። ኤድዋርድ አንድራዴ በ1910 በለንደን የእርሳስ ሽቦዎችን በቋሚ ጫና እየወጠረ የመለጠጡን ሂደት በቀመር ገለጸ፤ በ1922 ደግሞ ዲክንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ደብዛዛ ቀይ እስኪሆኑ የጋሉ አረብ ብረቶች በአነስተኛ ጫና ሳይቀር ቀስ እያሉ እንደሚፈሱ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ለተርባይንና ለቦይለር ሠሪው ዋናው ጥያቄ ብረቱ ምን ያህል ይችላል የሚል ብቻ መሆኑ ቀረ፤ እስከ መቼ ይችላል የሚል ተጨመረበት። የተለመደው የዲዛይን ዕድሜ 100,000 ሰዓት ነው፣ ከ11 ዓመት በላይ ማለት ነው። አዲስ ብረት ይዞ ገበያ ለመውጣት 11 ዓመት የሚጠብቅ ፋብሪካ ደግሞ የለም። ስለዚህ በ1952 የጄኔራል ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የነበሩት ላርሰንና ሚለር ያወጡት ቀመር እንደ እፎይታ ተቆጠረ፤ ሙቀትንና ጊዜን በአንድ መለኪያ አጣምሮ፣ ብረቱን ከሥራ ሙቀቱ በላይ አግሎ ለአጭር ጊዜ በመሞከር ረጅሙን ዕድሜ ለመገመት ያስችላል። ቀመሩ አንድ ነገር በዝምታ ይገምታል፤ በአጭሩ ሙከራ ውስጥ ያለው ብረትና በረጅሙ ዘመን ውስጥ ያለው ብረት በውስጣቸው አንድ ናቸው ይላል። ወደዚህ ግምት እንመለስበታለን።

ክሮሚየም ወደዚህ ሙያ የገባው ለጥንካሬ አልነበረም። ሃሪ ብሪርሊ በ1913 በሼፊልድ 13 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ያለበትን የማይዝግ ብረት ሲያቀልጥ የሚፈልገው የጠመንጃ አፈሙዝ ቶሎ እንዳይበላ ነበር። ክሮሚየም በብረቱ ገጽ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚሠራ ከዝገትም ከእሳት ቅርፊትም ይከላከላል። በ1930ዎቹ 9 በመቶ ክሮሚየምና 1 በመቶ ሞሊብዲነም ያለው ብረት የነዳጅ ማጣሪያዎች ቱቦ ሆነ። ለኃይል ማመንጫ 2.25 በመቶ ክሮሚየም ያለው ብረት ለአሥርት ዓመታት የዘወትር እንጀራ ነበር፤ ጀርመኖች በ1950ዎቹ 12 በመቶ ክሮሚየም ያለውን፣ ካርቦኑም ከፍ ያለውን ብረታቸውን ጨመሩበት። በ600 ዲግሪ ለ100,000 ሰዓት ሳይበጠስ የሚችለው ጫና ለመጀመሪያው 35 ሜጋፓስካል ገደማ ሲሆን ለጀርመኑ 59 ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ብቻ የያዘ ሰው ክሮሚየም በበዛ ቁጥር ብረቱ ይጠነክራል ቢል አይፈረድበትም፤ ሙያውም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ሲል ኖሯል።

ሌላ መንገድም ተሞክሮ ነበር። በፊላደልፊያ አጠገብ የተተከለው ኤዲስቶን ማመንጫ በ1960 አካባቢ ሥራ ሲጀምር በ649 ዲግሪና በ34.5 ሜጋፓስካል እንፋሎት እንዲሠራ የታቀደ ነበር። ዋናው የእንፋሎት ቧንቧው ኒኬል የበዛበት፣ ኦስቴኒቲክ የሚባለው ዓይነት ብረት ሆነ። ይህ ዓይነት በክሪፕ በኩል የሚታማ አይደለም። ሲሞቅ ግን በጣም ይሰፋል፣ ሙቀትም በዝግታ ነው የሚያስተላልፈው፤ ስለዚህ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ቧንቧ ሲግልና ሲበርድ ውስጡና ውጩ እኩል አይሄዱም፣ መሰነጣጠቅ ይከተላል። የጣቢያው ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ አካባቢ ወረደ፤ የዓለም ማመንጫዎችም ለሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ከ540 እስከ 566 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ረግተው ቀሩ። ኦስቴኒቲኩ ብረት እያለ ለምን በክሮሚየም ብረት ትደክማላችሁ ለሚል ሰው መልሱ ያ ቧንቧ ነው።

እረፍቱን የሰበረው ብረት የተወለደው ፈጽሞ ላልተሠራ ማሽን ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በቴነሲ የሚገኘው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ከኮምባስሽን ኢንጂነሪንግ ኩባንያ ጋር ሆኖ፣ በቀለጠ ሶዲየም ለሚቀዘቅዘው የክሊንች ሪቨር የኒውክሌር ማብላያ የሚሆን ብረት መፈለግ ጀመረ። ኮንግረስ በ1983 የማብላያውን በጀት ዘጋ፤ ግሬድ 91 የተባለው ብረት ግን በዚያው ዓመት አካባቢ ለቦይለር ቱቦ ተፈቀደ። የቀድሞው የነዳጅ ማጣሪያ ብረት ነው፤ ክሮሚየሙ ያው 9 በመቶ ገደማ፣ ሞሊብዲነሙም ያው 1 በመቶ። የተጨመሩት 0.2 በመቶ ገደማ ቫናዲየም፣ ከ0.1 በመቶ የማይበልጥ ኒዮቢየምና 0.05 በመቶ አካባቢ ናይትሮጅን ናቸው፤ ሦስቱ ተደምረው ግማሽ በመቶ አይሞሉም። ሆኖም በ600 ዲግሪ የ100,000 ሰዓቱ ጫና 90 ሜጋፓስካል ገደማ ደረሰ። ክሮሚየሙ ከጀርመኑ ብረት በሦስት በመቶ ያንሳል፤ የሚሸከመው ግን አንድ ጊዜ ተኩል ነው። በንጥረ ነገር ሚዛን ብቻ ለሚያስብ ሰው ይህ እንቆቅልሽ ነው።

እንቆቅልሹ የሚፈታው ውስጡ ሲታይ ነው። ግሬድ 91 መጀመሪያ ከ1040 እስከ 1080 ዲግሪ ይግልና በአየር ይቀዘቅዛል። በዚህ ጊዜ የአተሞቹ አሰላለፍ በድንገት ተገልብጦ ማርቴንሳይት የሚባለው መዋቅር ይፈጠራል፤ የቀድሞው ክሪስታል እየተከፋፈለ ሄዶ መጨረሻው ስፋታቸው የሚሊሜትር ሺኛ ግማሽ እንኳ የማይሞላ ቀጫጭን ሰቆች ይሆናል። ሰቆቹ ዲስሎኬሽን በሚባሉ፣ የአተሞች ሰልፍ በተዛነፈባቸው መስመሮች የተሞሉ ናቸው። ከዚያ ብረቱ እንደገና በ760 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ቆይቶ ይለዝባል፤ በዚህ ጊዜ በሰቆቹ ወሰን ላይ ክሮሚየም የበዛባቸው የካርባይድ ቅንጣቶች፣ በሰቆቹ ውስጥ ደግሞ ከእነዚህ በብዙ የሚያንሱ የቫናዲየምና የኒዮቢየም ናይትራይዶች ይበቅላሉ። ክሪፕ ማለት ዲስሎኬሽኖች በሙቀት ኃይል እንቅፋታቸውን እየዘለሉ መሄዳቸው፣ የሰቆቹም ወሰን እየተገፋ መስፋቱ ነው። ቅንጣቶቹ ይህን መዋቅር ካስማ ድንኳንን እንደሚይዝ ወጥረው ይይዙታል፤ ደቃቅና ብዙ እስከሆኑ ድረስ ወሰኑ አይነቃነቅም። ችግሩ መዋቅሩ በባሕርዩ ዘላቂ አለመሆኑ ነው። ሙቀቱ ሲቆይ ትንንሾቹ ቅንጣቶች እየሟሙ ትልልቆቹን ያሳድጋሉ፣ ዲስሎኬሽኖቹ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ ሰቆቹ ይሰፋሉ፣ ሞሊብዲነሙ፣ ተንግስተን ባለበት ብረት ደግሞ ተንግስተኑም፣ ከብረቱ ወጥተው ሌላ ሻካራ ቅንጣት ይሠራሉ። ሲሠራ የኖረ ቧንቧ ማለት ሲያረጅ የኖረ መዋቅር ነው። ቀደምቶቹ ይህን አላዩም ብሎ መውቀስ አይገባም፤ የዲስሎኬሽን ሐሳብ ራሱ የቀረበው በ1934 ሲሆን ፒተር ሂርሽና ባልደረቦቹ በካምብሪጅ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በዓይን ያዩትም በ1956 ነው። ቅይጥን መመዘን ይቻል ነበር፣ መዋቅሩን ማየት አይቻልም ነበር፤ ታሪኩ በቅይጥ ቋንቋ የተጻፈበት ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ይነሳል። መዋቅሩን የሚያመጣው ቅይጡ ከሆነ ሁለቱን መለየት ምን ይፈይዳል? ቫናዲየም ካልገባ የቫናዲየም ናይትራይድ ከየት ይመጣል? እውነት ነው፣ ከየትም አይመጣም። ግን ቅይጥ በር ይከፍታል እንጂ ማን እንደሚገባ አይወስንም። ማስረጃው ያለው በመስክ ሥራ ላይ ነው። በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ በብዛት በተተከሉ የጋዝ ተርባይን ማመንጫዎች ውስጥ የቅይጥ የምስክር ወረቀታቸው እንከን የሌለባቸው፣ ነገር ግን በማጋልና በማለዘብ ሥራው ላይ የተበላሹ የግሬድ 91 ክፍሎች ተገኝተዋል። ሲያለዝቡት ሙቀቱ ከመስመር ካለፈ፣ ወይም ከመጀመሪያው ግለት በኋላ በትክክል ካልቀዘቀዘ፣ ማርቴንሳይቱና ደቃቆቹ ቅንጣቶች የሉም፤ ያ ብረት በወረቀት ላይ ግሬድ 91 ይባል እንጂ ጥንካሬው ወደ ድሮው የማጣሪያ ብረት ይቀርባል። የጥንካሬ መለኪያ መሣሪያ ይዞ ቧንቧ ለቧንቧ መዞር የተለመደ ሥራ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ በብየዳ ውስጥ አለ። በብየዳው አጠገብ፣ ግለቱ ብረቱን ለማቅለጥ ሳይሆን መዋቅሩን በከፊል ለመቀየር ብቻ የበቃበት ጠባብ መስመር አለ። በዚያ መስመር ግራና ቀኝ ያለው ብረት በቅይጥ አንድ ነው፤ አንድ አተም አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም። ያለፈበት ለአጭር ጊዜ የቆየ ግለት ብቻ ነው። ግለቱ ግን ሰቆቹን አጥፍቶ ደቃቅ ክሪስታሎችን ተክቶባቸዋል፣ ቅንጣቶቹንም አሻክሯቸዋል። የመበጠሻው ቦታም እዚያው ነው፤ ባለሙያዎች አራተኛው ዓይነት ስንጥቅ ይሉታል። ስንጥቁ ከግድግዳው ውስጥ ስለሚጀምር ከውጭ የሚያይ ሰው ሳያውቀው ይገፋል። በእንግሊዝ ዌስት በርተን ጣቢያ የግሬድ 91 ክፍል ከታሰበለት ዕድሜ ቀድሞ በዚህ መልክ ሲሰነጠቅ፣ ብረቱ አሉሚኒየሙ ከናይትሮጅኑ ጋር ሲነጻጸር የበዛበት ሆኖ ተገኘ። አሉሚኒየም ናይትሮጅኑን ቀድሞ ይይዘዋል፣ ለቫናዲየም የሚተርፍ ያንሳል፣ ደቃቆቹ ቅንጣቶች ይመናመናሉ። በጣም ትንሽ መጠን ያለው፣ ማንም እንደ ዋና ንጥረ ነገር የማይቆጥረው ነገር የመዋቅሩን መሠረት ሸረሸረው።

አሁን ወደ ጃፓን እንመለስ፤ የዚህ ታሪክ ልብ ያለው እዚያ ነው። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው ቶሺዮ ፉጂታ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በክሮሚየም ብረቶች ላይ ሲመራመር የኖረ ሰው ነው። በእሱና በኒፖን ስቲል ጥረት የሞሊብዲነሙን ግማሽ በተንግስተን የተካው፣ ጥቂት ቦሮን የገባበት፣ በኋላ ግሬድ 92 የተባለው ብረት ወጣ። ሱሚቶሞ ደግሞ ክሮሚየሙን ወደ 11 በመቶ ከፍ አድርጎ ግሬድ 122 የተባለውን አቀረበ። ክሮሚየሙን ከፍ ማድረግ እብደት አልነበረም። እንፋሎቱ ከ600 ዲግሪ ሲያልፍ 9 በመቶ ክሮሚየም ያለው ቱቦ ውስጡ በቅርፊት ይወፍራል፤ ቅርፊቱ እየተላጠ ይወድቃል፣ ቱቦ ይደፍናል። ወደ 650 ዲግሪ ለመውጣት 11 ወይም 12 በመቶ ያስፈልጋል፣ ጥንካሬውን ደግሞ በቫናዲየም፣ በኒዮቢየም፣ በተንግስተንና በኮባልት እናመጣለን ተባለ። እስከ 10,000 ሰዓት በተደረጉት ሙከራዎች እነዚህ ብረቶች እጅግ ያማሩ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የጥንካሬው መስመር ታጥፎ ቁልቁል ወረደ፤ ለ650 ዲግሪ ከታሰቡት አንዳንዶቹ ከቀደሙት ብረቶች በታች ወደቁ።

ምክንያቱን ያሳየው ማይክሮስኮፕ ነው። ስትራንግና ቮዳሬክ በ1996 በ12 በመቶ ክሮሚየም ብረት ውስጥ ዜድ ፌዝ የሚባል ክሪስታል ለረጅም ጊዜ በጋለ ናሙና ላይ እንደሚበቅል ገለጹ፤ በዴንማርክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ እነጆን ሃልድና ሂልማር ዳኒየልሰን ሂደቱን ደረጃ በደረጃ ተከታተሉት። ዜድ ፌዝ የክሮሚየም፣ የቫናዲየም፣ የኒዮቢየምና የናይትሮጅን ውህድ ነው፤ ከደቃቆቹ ናይትራይዶች ይልቅ የተረጋጋ ነው። የክሮሚየም አተሞች ወደ ናይትራይዱ እየዘለቁ ይለውጡታል። ለመጀመር ይዘገያል፤ ከጀመረ ግን ጥቂትና ግዙፍ ሆኖ ስለሚያድግ አንዱ ቅንጣት ስፍር ቁጥር የሌላቸውን ደቃቆች ይበላል። የሚገፋውም ክሮሚየሙ ነው። በ9 በመቶ ብረት ውስጥም ይታያል፣ ግን በጣም ዘግይቶና በጥቂቱ፤ በ11 እና በ12 በመቶ ውስጥ በቧንቧው ዕድሜ መካከል ይደርሳል። ብረቱን ከቅርፊት ይጠብቀዋል የተባለው ንጥረ ነገር የሚያጸናውን ነገር ከውስጥ በላው። ክሮሚየም በበዛ ቁጥር ይሻላል የሚለው የአሮጌው ትረካ ማዕከላዊ ሐሳብ እዚህ ላይ ወደቀ፤ የላርሰንና ሚለር ቀመር የያዘው የዝምታ ግምትም አብሮ ወደቀ፣ ምክንያቱም በአጭሩ ሙከራ ውስጥ የነበረው ብረት በረጅሙ ዘመን ውስጥ የለም።

ቁጥሮቹ የወረዱት በስታትስቲክስ ጥንቃቄ እንጂ በመዋቅር ምክንያት አይደለም የሚል ሊኖር ይችላል፤ መረጃ ሲበዛ ግምት መታረሙ ያለ ነው። ግሬድ 92 በእርግጥ በ600 ዲግሪ 130 ሜጋፓስካል ገደማ ተገምቶለት የነበረ ሲሆን አውሮፓውያን በ1999 ወደ 123፣ በ2005 ወደ 113 አውርደውታል። ነገር ግን ነገሩ የስታትስቲክስ ብቻ ቢሆን ኖሮ መውረዱ በሁሉም ላይ ተመሳሳይ በሆነ ነበር። የሆነው እንዲያ አይደለም። ግሬድ 91 ከ94 ወደ 90 ብቻ ነው የወረደው፤ ክፉኛ የተመቱት ክሮሚየማቸው የበዛው ናቸው። የመውረዱ ልክ የዜድ ፌዝን ፍጥነት ተከትሏል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፣ የመጣውም ከራሳቸው ከጃፓን የክሪፕ ተመራማሪዎች ነው። በዝቅተኛ ጫና በጣም ረጅም ጊዜ የቆዩ ብረቶችን ሲያወዳድሩ፣ መነሻ መዋቅራቸው ምንም ይሁን ምን፣ ቅይጣቸው አንድ የሆኑት በመጨረሻ ወደ አንድ ጥንካሬ ይሰበሰባሉ አሉ። ያ የመጨረሻ ጥንካሬ የሚመጣው በብረቱ ውስጥ ሟሙተው ከቀሩት እንደ ሞሊብዲነም ካሉ አተሞች ነው። እንግዲያስ የመጨረሻው ቃል የቅይጥ ነው ማለት አይደለም ወይ? ነው። መዋቅሩ ጨርሶ ከፈረሰ በኋላ ያለውን ወለል ቅይጥ ይወስናል፤ ይህን አልክድም። ግን ያ ወለል ዝቅ ያለ ነው፤ ማንም ጣቢያ እዚያ ላይ ቆሞ በ600 ዲግሪ አይሠራም። የሙያው ጥበብ ሁሉ የቧንቧው ዕድሜ ከመዋቅሩ ዕድሜ ቀድሞ እንዲያልቅ ማድረግ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው እርምጃም ይህን ያጠነክራል። የጃፓን ብሔራዊ የቁሳቁስ ሳይንስ ተቋም ባልደረባ ፉጂዮ አቤ ለ650 ዲግሪ ብረት ሲፈልግ ክሮሚየሙን እዚያው 9 በመቶ ላይ ተወው። 3 በመቶ ተንግስተንና 3 በመቶ ኮባልት ጨምሮ፣ ቦሮኑን ወደ 0.013 በመቶ አካባቢ ከፍ፣ ናይትሮጅኑን ወደ 0.008 በመቶ ዝቅ አደረገ። ቦሮን በቀድሞው ክሪስታል ወሰን አጠገብ ባሉት ካርባይዶች ውስጥ ገብቶ እንዳይሻክሩ ያዘገያቸዋል። ናይትሮጅኑ ካልቀነሰ ግን ሁለቱ ተያይዘው ቦሮን ናይትራይድ ሆነው ይቀራሉ፣ ቦሮኑም ከንቱ ይሆናል። የዚህ ብረት ብየዳ አጠገብ ደቃቆቹ ክሪስታሎች አይፈጠሩም፤ አራተኛው ዓይነት ስንጥቅም በዚያው መጠን ይገታል። ዴንማርኮች በተቃራኒው ጠላትን ወዳጅ ለማድረግ ሞከሩ፤ ዜድ ፌዝ መምጣቱ ካልቀረ ገና ከመጀመሪያው ደቃቅ ሆኖ እንዲበቅል እናድርገው አሉ። ሐሳቡን ብልህ ነው እላለሁ፤ ብረቱ ግን ተሰባሪ የመሆን ችግር ገጠመው።

የሚቀረው ጥያቄ የጊዜ ነው። የጃፓኑ ተቋም የክሪፕ መረጃ ማሰባሰቡን የጀመረው በ1966 ነው፤ በ1969 ጭነት ያስያዘውን አንድ የካርቦን ብረት ናሙና እስከ 2011 ድረስ፣ ከ40 ዓመት በላይ፣ ሳያወርድ አቆይቶታል። በሩብ ዓመት ሪፖርት ለሚመራ ኩባንያ እንዲህ ያለ ሙከራ ብክነት ይመስላል። የግሬድ 122 ታሪክ ግን አጭር ሙከራ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አሳይቷል። የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ዘመኑ እያለፈ ነውና ይህ ሁሉ ለማን ይጠቅማል የሚል ሰው ሁለት ቦታ ይመልከት። በጋዝ ማመንጫዎች ውስጥ ከተርባይኑ የወጣውን ሙቀት የሚይዘው ቦይለር ዛሬም ግሬድ 91 ነው የሚጠቀመው። አውሮፓውያን ለወደፊቱ የኒውክሌር ፊውዥን ማብላያ ያዘጋጁት ዩሮፈር 97 የተባለ ብረትም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በጨረር ለረጅም ጊዜ የሚበከሉት ሞሊብዲነምና ኒዮቢየም ወጥተው በተንግስተንና በታንታለም ተተክተዋል፣ ክሮሚየሙ 9 በመቶ ላይ ቆሟል። 9 በመቶ የተመረጠው በጨረር ምክንያት ብረቱ እንዳይሰባበር ነው፤ ከ550 ዲግሪ በላይ እንዳይሠራበት የሚከለክለው ግን ያው ክሪፕ ነው።